በባኞ ውስጥ ያለች አሰብ

ሸዋገነት አሰብ ወደብ ሄዳ በወጥ ሠሪነት እንድትሠራ ከተቀጠረች ወዲህ ሳቋ አልቆም ብሏል። የቀድሞዋ ወጥ ሠሪ ቢላዎቿ በባሕሩ አየር ዝገውባት ከሥራ እንደተባረረች ስትሰማ ግን ሐሳብ ገባት። የኮልፌው ባለእጅ ጋሽ ገብረአምላክ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሠሩላትን ትውሰድ ወይስ ከገበያ የገዛችውን የሚያብረቀርቅ የውጭ ቢላዋ?

ባኞ ሙሉ ውኃ ላይ የቀበሌ ጨው በትና ሁለቱንም ነከረቻቸው።

“ከአሰብ የመጣልንን ጨው መልሰሽ አሰብ አደረግሽው” ብላ ጎረቤቷ አጸደ በሳቅ ፈረሰች።

በሦስተኛው ቀን የውጭው እንደነበረ ወጣ፤ የጋሽ ገብረአምላክ ግን በርበሬ መስሏል። ሸዋገነት በአመድ ፈትጋ ሽንኩርት ሞከረችባቸው። የውጭው ሽንኩርቱን ጨፈለቀው፤ የጋሼ እንደ ወረቀት ስስ አድርጎ ከተፈው።

“ታዲያ ዝገቱን ምን ላድርገው ጋሼ?” አለቻቸው ቢላዋውን ኮልፌ ድረስ ወስዳ።

“ሥራ ስትጨርሺ በንጹሕ ውኃ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ቅቤ ቀቢው።”

“ለፀጉሬ ያጣሁትን ቅቤ?”

“ፀጉርሽን ሻሽ ይሸፍንልሻል፤ ዝገቱን ማን ይሸፍንልሻል?”

ቀብታ ደግማ ነከረችው። በማግስቱ ስታወጣው የውኃው ጠብታ እየተንከባለለ ወረደ እንጂ ቢላዋው አልዛገም። ሸዋገነት እየሳቀች የውጭውን ለአጸደ ሰጠቻትና የጋሼን በጨርቅ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።