ሦስትና ስምንት በአዲሱ ስክሪን ላይ

በዚያ ጠዋት ሰመራ በሚገኘው የትራንዚት ቢሯችን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። መስኮቱ ሥር ጸሐፊያችን እትዬ፤ የደሴ ሰው ናቸው፣ ቢሮው አሳይታ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በታይፕ ሲጽፉ የኖሩ። ከፊታቸው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር። በሩ ላይ ዘበኛችን፣ የሰርዶ አፋር። በውስጠኛው ክፍል አለቃችን። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ወረቀት ኮፒ ማድረግ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፣ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ስም አልጽፍም፤ ሁሉም ራሱን ያውቃል።

ሹፌሩ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከገላፊ ኬላ ተመልሶ ነበር። በደብዳቤው ላይ የታርጋው ሦስት ቁጥር ስምንት ተብሎ ስለተጻፈ አላሳለፉትም። የእትዬ ዓይን ደክሟል፤ በዚያ ወር ይህ ሁለተኛ ስሕተታቸው ነው። አለቃችን ወጥተው፣ «አንድ ጊዜ ከተደገመ መዝገብ ቤት ይገባሉ» አሏቸው። መዝገብ ቤቱ መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ነው። እትዬ መነጽራቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ።

ትልቅ ስክሪን የተገዛላቸው በዚያው ሳምንት ነበር። ግን ነገሩ ባሰ፤ ጽሑፉ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ጠርዙ ደብዝዞ ይታያል። ስካን የተደረገውን የቢሮውን ክብ ማኅተም ከፍቼ በማስመሪያ ለካሁት። ወርዱ አሥራ ሁለት፣ ቁመቱ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ሆነ።

«ተበላሽቷል?» አለ ዘበኛው።

«ስክሪኑ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ አላወቀውም።»

«እኛ መንገድ ላይ ሰው ስናገኝ ቁጭ ብለን ወሬ እንለዋወጣለን፤ ዳጉ ነው። እነዚህ ዝም ተባብለው አለፉ?»

ያልኩት ሳይሆን እሱ ያለው ነው ልኩ። ገመዱን ነቅዬ ጫፉን ሳይ፣ ስክሪኑ ልኩን ለኮምፒውተሩ የሚነግርበት ቀጭን መርፌ ተሰብሯል። ሌላ ገመድ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ልኩን በእጄ ልነግረው ተነሣሁ። ከካርቶኑ ላይ ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም ምስሉ በወርድና በቁመት ስንት ነጥብ እንዳለው አነበብኩ፤ 1920 በ1080። ማስተካከያውን ከፍቼ ሁለቱን ቁጥሮች ሞላሁ። ሦስተኛው ሣጥን ምስሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይጠይቃል። የድሮው ስክሪን የሚሠራው በ75 ስለነበር 75 ጻፍኩ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«ገደልከው!» አለ ሹፌሩ። «እሳቸው አንድ ቁጥር አጠፉ፣ አንተ ሁሉንም!»

«ማንም አይንካው። በአሥራ አምስት ሴኮንድ ራሱ ይመለሳል።»

እትዬ ቢስሚላህ ብለው ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አሥራ አራት ላይ ተመለሰ። «ቸኮለ» አሉ።

አሁን ካርቶኑን ደግሜ አይቼ 60 ጻፍኩ። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ መጣ። ማኅተሙን እንደገና ለካሁት፤ ወርዱና ቁመቱ እኩል። ፊደሉ ጠርቷል፣ ግን ደቋል።

«አሁን ደግሞ ጉንዳን አደረግኸው፣ ልጄ» አሉ እትዬ።

«ወደ ነበረበት መልሰውና ይገላገሉ» አለ ሹፌሩ።

እምቢ አልኩ። ሪዞሉሽኑ ዝቅ ቢል ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል፤ ሦስቱም ስምንት መስሎ ይቀራል። ሪዞሉሽኑን ሳልነካ የጽሑፉን መጠን ብቻ በአንድ ተኩል እጥፍ አሳደግኩና ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ።

እትዬ ሦስትና ስምንትን ጎን ለጎን ጻፉ። እንደ ልማዳቸው ወደ ስክሪኑ አላጎነበሱም።

«ይቺ አፏ ክፍት ነው። ይቺ ዝግ ናት።»

«የኔዋ አፏ የተከፈተው ናት፣ እናቴ። በአላህ፣ እሷን ይጻፉልኝ!» አለ ሹፌሩ።

ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፉት። አለቃችን ታርጋውን በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ እየነኩ አነበቡና ፈረሙ። ሹፌሩ ወጣ። ጥቂት ቆይተው አለቃችን በታይፕ የሚጻፉ ሁለት ረቂቆች ይዘው መጡና እትዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። የመዝገብ ቤቱ ነገር ዳግም አልተነሣም።

ከገላፊ ስልክ ሲደወል ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ንገራቸው፣ አልፌያለሁ» አለኝ ሹፌሩ። እትዬ አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።

ቁጥሮቹን የወሰድኩት ከደብተሬ ነው፤ ሌላው ከትዝታ። የተደወለው ከዐስር ሶላት በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። አለቃችን ረቂቆቹን ሲያስቀምጡ ዝቅ ባለ ድምፅ ያሉትም ነገር ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም፣ እትዬ ግን ፈገግ ብለዋል። እዚያ የነበራችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ።