«ንገሪያቸው»

አምቦ ሳለን፣ ገና የወተት ጥርሴ ሳይወልቅ፣ የቤታችን ፖስተኛ እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ፖስተኛ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ጎጆ ወደምትባል የደጋ ከተማ መዛወሩን የነገረን ዕለት እናቴ፣ ልጄን ለዚያ አገር ብርድ አልሰጥም አለች፤ ተኳረፉ። ገበታ ግን አልለዩም። በአንድ ትሪ ዙሪያ እኔን መሃል አስቀምጠው ይበላሉ፤ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ለእናትሽ ንገሪያት፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል።»

«ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ከጣፈጣቸው ቦታ ይብሉ።»

እናቴ በደህናው ቀን አባቴን አንተ ነበር የምትለው። ስትቀየመው አንቱ ይሆናል። ያቺን «ንገሪያቸው» ስሰማ እህል ያስጠላኛል። የምወደው የሽሮ ሽታ እንኳ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ጉርሻዬን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ጓሮ እወጣና ለዶሮዎቹ እተፋዋለሁ። ዶሮዎቹ ወፈሩ፤ የእኔ ቀሚስ ከትከሻዬ ይንሸራተት ጀመር።

እናቴ ደነገጠች። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ተብሎ ያን አፍንጫ የሚቆነጥጥ የከተማችንን ውሃ በባዶ ሆዴ አጠጣችኝ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ደግሞ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይን ነው የበላሽ» ብላ ጤና አዳም አሸተተችኝ። ግሳቱ መጣ፤ ረሃቡ አልመጣም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ «ለምን አትበዪም?» ብሎ ጮኸብኝ። «አፌ በእናንተ መልእክት ተይዟል፤ በምን ልብላ?» አልኩት። በዚያ ዘመን እንዲህ የመለሰ ልጅ በጥፊ አለመመታቱ ተአምር ነው። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ።

«ወጡ ጨው በዝቶበታል» አላት።

«ውሃ ጨምርበት» አለችው።

ጨምርበት! ይጨምሩበት አላለችውም። ያን ቀን እስክጠግብ በላሁ። ጎጆም ሦስታችንም ሄድን፤ ብርዱን ትኩስ ድንች እየበላን ቻልነው።

ዛሬ ያ ትሪ የለም፤ ሁሉም በየሳህኑ ነው። የልጅ ልጄ አልበላም ብላ ከስታለች፤ እናቷ ከሐኪም ሐኪም ታዞራታለች። ባለፈው እሑድ እነሱ ቤት ተቀምጬ፣ ልጄ ትንሿን «ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ምሳ ቀርቧል» ስትላት ሰማሁ። ባሏን ከተጋቡ ጀምሮ አንተ ስትለው ነው የማውቀው። ልጄን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ሐኪሙ ይቆየን» አልኳት። «መጀመሪያ ባልሽን አንተ በይው።»