የመቋሚያው ቀኝ ወገን

የአባቴን መቋሚያ ባነሳሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚደርሰኝ ሽታው ነው፤ የጧፍና የላብ ሽታ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። ቀጥሎ ጣቴ ወደ ራሱ፣ ወደ መደገፊያው ይሄዳል። ግራ ወገኑ ጎድጉዷል፤ ቀኙ ግን ትንሽ ብቻ ለስልሷል። አንቺ ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ስፖርት ክፍል ውስጥ መቋሚያ ምን ይሠራል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ፤ ትከሻሽን ግን ቀና አድርጊ።

እዚሁ ላሊበላ፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ መንገድ ዳር አንዲት የጠረጴዛ ቴኒስ ነበረች። መረቧ በሲባጎ የተጠገነ፣ አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን እንኳ ሳላስቀምጥ እዚያ ነበርሁ። ከሰዓት በኋላ በአሸተን ተራራ በኩል የሚወርደው ነፋስ ኳሷን ይሰርቀን ስለነበር፣ እሱን ለመቅደም በቀኜ ዝቅ ብዬ መምታት ለመድሁ። ቀስ በቀስ ትከሻዬም እዚያው ዝቅ እንዳለ ቀረ። እኔ አላወቅሁም። ማን የራሱን ትከሻ ያያል?

ያወቀው ልብስ ሰፊው ነው። እናቴ ለገና ያሰፋችልኝን ጥልፍ ቀሚስ ስለካው፣ ጠርዙ በቀኝ በኩል መሬት ሊነካ ደረሰ። ሰውየው ላይ ጮኸችበት። እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዞር ዞር ብሎ አየኝና፣ «እትዬ፣ ቀሚሱስ ደህና ነው፤ የዘመመችው ልጅቱ ናት» አላት።

እናቴ እጄን ይዛ እየጎተተች ወሰደችኝ። ቤት ስንደርስ፣ «ሁለተኛ እዛ ጠረጴዛ አጠገብ እንዳላይሽ! የተንጋደደች ልጅ ማን ያገባል?» አለችና ራኬቴን ቀምታ ደበቀችው። እኔ ደግሞ ከገና በኋላ ወልድያ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ተመርጬ ነበር። ከዚህ ወጥቼ አድሬ አላውቅም። ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስሁ።

የስፖርት መምህራችን ይህን ሰምቶ ቤት ድረስ መጣ። ወጣት ነበር፤ አባቴን ሲያይ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከሰርክ ጸሎት ገና መመለሳቸው ስለነበር፣ ግቢው ውስጥ መቋሚያቸውን በግራ ብብታቸው ሸጉጠው እንደቆሙ አዳመጡት።

«የኔታ፣ የእርሷ ብቻ አይደለም» አለ። «እግር ኳስ የሚጫወቱት ወገባቸው ይሰረጉዳል። ሯጮቹ ሲደክማቸው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። መረብ ኳስ የሚወዱት ደግሞ ትከሻቸው ወደ ፊት ይታጠፋል። በማደግ ላይ ያለ አካል የለመደውን ይይዛል። መፍትሔው መተው አይደለም፣ ያኛውንም ወገን ማሠራት ነው።»

እናቴ አላስጨረሰችውም። «አንድ የዘመመ በቤቴ አይበቃኝም እንዴ?» አለችና በአገጯ ወደ አባቴ ጠቆመች።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ለካ ግራ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጥቷል። ማኅሌት ቆመው ሲያነጉ ሁልጊዜ የሚደገፉት በዚያው ብብታቸው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያቸው ኖሬ አላየሁትም ነበር። መምህራችን መሬት መሬት አየ። እኔ ክው አልሁ፤ በአባቴ ላይ እንዲህ የሚደፍር ሰው አልነበረም።

አባቴ ግን ሳቁ። «እውነትሽን ነው። ታዲያ እኔን ከማኅሌት አስቀርተሽኛል?»

«እርስዎማ የእግዜር አገልጋይ ነዎት!»

«እሷስ የእግዜር ልጅ አይደለችም?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በይ እንስማማ። አንቺ ውሃውንም በግራሽ ያዢ፣ ኳሷንም በግራሽ ምቺ። እኔም ድጋፌን ወደ ቀኝ አዛውራለሁ። አብረን እንቃናለን።»

እናቴ አጉረመረመች እንጂ አልከለከለችም። ከዚያ ወዲያ ጀሪካኑ በግራ እጄ ሆነ። በተዋስሁት ራኬት በግራ ስመታ ኳሷ አልታዘዝ እያለች የሰው ዶሮ ታባርር ነበር፤ ልጆቹ ተንከትክተው ይስቁብኛል። አባቴ ደግሞ ይረሱ ነበር። «አባዬ፣ ግራ ነዎት!» ስላቸው፣ ደንገጥ ብለው መቋሚያውን ያዛውራሉ።

የገና ዕለት ጠዋት፣ ቤተ ማርያም፣ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር በምእመናን መካከል ተጣብቤ ቆሜ ነበር። ካህናቱ ዓለቱ ጠርዝ ላይ በነጭ ተሰልፈዋል፤ ከበሮው ደረቴ ውስጥ ይመታል። አባቴን ለየኋቸው። ዜማው ሲረዝም በግራቸው ዘመም አሉ። ረሱ አልሁ በሆዴ፤ እንደ ቤታችን አልጮህ ነገር! ወዲያው ዓይናቸው ሕዝቡን መፈለግ ጀመረ፣ አገኘኝም። በዚያ ሁሉ ካህን መካከል፣ መቋሚያውን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ብብታቸው አዛወሩና ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉልኝ። እኔም ትከሻዬን አቃናሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወልድያ ሄድሁ። አሸነፍሁ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፌ ወጣሁ። ግን አልተውሁም፤ ለፋሲካ ያንኑ ቀሚስ ስለብስ ጠርዙ ሊስተካከል ትንሽ ቀርቶት ነበር። እናቴ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና ራኬቴን ከደበቀችበት አውጥታ ሰጠችኝ።

አባቴ ዐረፉ። የእርሳቸው ትከሻ አልቃናም፤ አጥንታቸው አንዴ ይዞታል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው፣ እኔን ባዩ ቁጥር መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ ያዛውሩ ነበር። ግራው የማኅሌት ነው። ይቺ በቀኝ በኩል ያለችው ለስላሳ ቦታ ግን፣ ንኪያት እስቲ፣ እሷ የእኔ ናት።