ሞተር ሳያጠፉ ቁልቁለት መውረድ

ዋይሰን ናሚሌጄ ከሊምቤ ቺክዋዋ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማንንም በቀላሉ አያምንም፤ ነዳጅ ሲቀዳ እንኳ ቆጣሪው ከዜሮ መነሳቱን ወርዶ በዓይኑ ካላረጋገጠ ታንከሩን አያስከፍትም። ሆኖም ነዳጅ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሲጨምር፣ እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች ሁሉ፣ መንገዱ ላይ ወዳለችው ታብዋ የሚያወርደውን ረጅም ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ መውረድ ጀመረ። ታሪፉ ሳይጨምር የቆየው በዚሁ ዘዴ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንድም የተቃወመ አልነበረም።

በጥር ወር፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ሞተሩ በመጥፋቱ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ደረቀበት። መኪናዋ ገደሉን ታክካ የአሸዋ ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ሾፌር፣ ዛሬስ ሰማይ ቤት ድረስ ልትሸኘን ነበር» አሉ፤ የሳቀ ግን የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተር ሳያጠፋ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ ለነዳጁም ታሪፉ ላይ አምስት መቶ ኳቻ ጨመረ። ሳምንት ሳይሞላ ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። ተሳፋሪው ሁሉ አሁንም ሞተር አጥፍቶ ወደሚወርደው ሌላ ሾፌር፣ ወደ ዳምሰን ሄደ። የሚኒባሱ ባለንብረትም እስከ ወሩ መጨረሻ ገቢው ካልተስተካከለ ቁልፉን እንደሚቀበለው አስታወቀው።

ሐሙስ ዕለት፣ ቺክዋዋ ገበያ ሰልባጅ የምትቸረችረው እህቱ ኤስናት ሁለት ቀይ ቦንዳ ይዛ ሊምቤ መናኸሪያ መጣች። የፊቱን ወንበር ጠብቆላት ነበር። እሷ ግን ቦንዳዎቿን ዳምሰን መኪና ላይ አስጫነች።

«ነይ እንጂ፤ አንቺን ማን ያስከፍልሻል?» አላት።

«ዛሬ በነፃ ወሰድከኝ እንበል፣ ጋሼ። ነገስ? አንተም እኮ ልጆች አሉህ።»

«ፍሬኑ ይደርቃል እያልኩሽ ነው።»

«ያን ቀን ከኋላህ ተቀምጬ አልነበር? አውቃለሁ። ግን በሳምንት ስድስት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ ጭማሪህ የልጆቼ ዱቄት ነው።»

ዳምሰን ጥሩምባውን ነፍቶ ወጣ። ዋይሰን ሦስት ሰው ብቻ ይዞ ተከተለው፤ አንደኛው ባዶዎቹን ወንበሮች አይቶ ነዳጅ በነፃ ማደል ተጀምሮ እንደሆነ ጠየቀው። ቁልቁለቱ አናት ላይ ደረሰባቸው። የዳምሰን ጭስ ማውጫ ወዲያው ጸጥ አለ፤ መኪናው እየፈጠነ ራቀ። እንዳያመልጠው እሱም ማርሹን መፍታት ነበረበት። እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ፤ ከኋላው የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች በመስታወት አያቸው፤ አልፈታውም። ቀያዮቹ ቦንዳዎች አለቱን ዞረው ተሰወሩ። ከአለቱ ወዲያ የግጭት ድምፅ ይሰማ እንደሆነ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን አቀና፤ ከራሱ ሞተር ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።