አራት አራት ከረጢት

ያድራንካ ዛግሬብ ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ደም ባንክ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እሷ ምድር ቤት። የምታወጣው ደም ማን ሰውነት ውስጥ እንደሚገባ አይታ አታውቅም፤ የምታየው የተረፈውን ነው። የጉበት ንቅለ ተከላ ሲኖር ሐኪሞቹ፣ በሽተኛው ብዙ ሊደማ ይችላል ብለው፣ ሃያ ሠላሳ ከረጢት አስቀድመው ያስወጣሉ። አንዳንዴ ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። በረዶ ሆኖ የሚቀመጠው የደም ፈሳሽ፣ ፕላዝማ፣ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ በረዶ አይደረግም፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ ቀይ ደምም ለሰው አይሰጥም። አውጥታ የምትጥለው እሷ ናት።

አንድ ቀን ከሚጣሉት መሐል አንዱን ቁጥር አወቀችው። ራሷ የለጠፈችው፣ የአባቷ ደም ነበር። አባቷ ማቲያ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ በየሦስት ወሩ ደም ይሰጥና ለለጋሾች የሚቀርበውን የባቄላ ወጥ በልቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይገባል። ደሙ እንደተጣለ አልነገረችውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አለቆቿን ወተወተች። ደሙ በቀዝቃዛ ሣጥን አራት አራት ይውጣ፣ ሌላው በስልክ ሲጠየቅ ይድረስ አለች። ነሐሴ ላይ ለጋሹ ሁሉ ለበጋ ዕረፍት ወደ ባሕሩ ሲወርድና የደሙ መደርደሪያ ሲሳሳ እሺ አሏት። የማደንዘዣ ሐኪሙ ዶክተር ቪንኮ ግን አልተዋጠለትም።

«ሰው እጄ ላይ እየደማ ስልክ ልደውል ነው?»

«ይደውሉ፣ ዶክተር። ከስልኩ አልርቅም።»

«ብትዘገዪስ?»



በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያዋ በሽተኛ ነዲልካ የምትባል የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቀዶ ጥገናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ያድራንካ የመጀመሪያዎቹን አራት ከረጢቶች ላከች፣ አራት ፕላዝማ አቅልጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አዘጋጀች፣ ከዚያ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም አለ። ተበላሽቶ ይሆን ብላ ሁለቴ አንስታ አዳመጠችው። ለምሳ ያመጣችውን ዳቦ ሳትገምጥ መልሳ ጠቀለለችው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጮኸ። አዲሱ ጉበት ገብቶ የታሰረው ደም ሥር ሲለቀቅ መድማት ጀምሯል፤ ቀይ ደም ስድስት፣ ፕላዝማ አራት፣ አሁኑኑ። ሣጥኑን ሞልታ ወደ አሳንሰሩ ሮጠች። አሳንሰሩ የበሽተኞች ምሳ ጭኖ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆሟል። አልጠበቀችም፤ የሚያማትን ጉልበቷን እየጎተተች ደረጃውን ተያያዘችው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቺ ሴትዮ ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ።

በሩ ላይ አንዲት ነርስ ሣጥኑን ተቀብላ በሩን ዘጋች።

ያድራንካ ተመልሳ ሌላ አራት ፕላዝማ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረች። የከረጢቶቹን ቁጥሮች ሦስት ሦስት ጊዜ አነበበቻቸው። ሽቅብ ደውላ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን መስመሩን እይዝባቸዋለሁ ብላ ተወችው። ሌላ ጥሪ አልመጣም። መድማቱ ቆሞ ይሁን ሴትዮዋ ሞታ፣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተር ቪንኮ ባዶዎቹን ሣጥኖች ራሱ ይዞ ወረደ። በሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

«በሕይወት አለች» አለ። «ከደወልኩ እስክትደርሺ ስድስት ደቂቃ። እያየሁ ነበር።»

«አሳንሰሩ...»

«ሰምቻለሁ። ለሚቀጥለው አስይዝልሻለሁ።» ሁለት ከረጢት ከኪሱ አወጣ። «እነዚህ ጠረጴዛ ላይ ቀርተው ሞቀዋል። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ሁለቱን ጣለቻቸው። የመጨረሻዎቹ አራት ፕላዝማዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ አድረው በማግስቱ ጠዋት ማዋለጃ ክፍል ለምትደማ ሴት ወጡ።

ነዲልካ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ያድራንካ ይህን የሰማችው ከነርሷ ነው፤ የነዲልካን መልክ እስከ ዛሬ አታውቀውም። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ንቅለ ተከላ ተደርጓል፤ በአንዱም ቀን ከስልኩ አልራቀችም፣ ምሳም አልበላችም።