ኮናዱ አዲሱን ስታስጭን

በከተማችን በኩማሲ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚኬደው ኮናዱ ዘንድ ነው። የሟቹን ትልቅ የሐዘን ፖስተር ታትማለች። ቀጥሎ የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው፤ ጎኗ ካለው ሱቄ ጥቁርና ቀይ የለቅሶ ጨርቅ እሸጣለሁ። ሁለታችንም ደክሞናል። ሰው ግን መሞት አይሰለቸውም!

ኮምፒውተሯ ጠዋት ጠዋት ሲከፈት «ይህ ሲስተም ከእንግዲህ ድጋፍ አያገኝም» ይላታል።

«እኔስ መቼ ድጋፍ አገኘሁ!» ብላ ትዘጋዋለች።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ቦአዲ ግን አልተዋትም። «ማሜ ኮናዱ፣ አዲሱን ሲስተም ልጫንልዎት። ከስልክ የሚመጣውን ፎቶ እንኳ እምቢ እያለ ነው።»

«የድሮ ፖስተሮቼስ ይከፈታሉ?»

አንገቱን አከከ። «እነሱ የተሠሩበት ፕሮግራም አዲሱ ላይ አይሄድም።»

«እንግዲያው ሂድልኝ!»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ፖስተር ከባዶ አይጀመርም። ኮናዱ የቤተሰቡን ያለፈውን ትከፍታለች፤ አምና ከሐዘንተኞቹ ተርታ የነበረው ስም ዘንድሮ ከላይ በትልቁ ይወጣል፣ የቀሩት በየደረጃቸው ይቆያሉ። አንድ አጎት ከታናሹ በታች ከወረደ ለቅሶው ይቀርና ጠብ ይሆናል።

«ያን ሁሉ እንደገና ማን ይጽፋል? ጣቴ አልቋል» አለችኝ።

እኔም ተናደድኩባት። «ግትር! ልጅሽ ሰርዋ አብራሽ ትሠራ የለ? ነገ ይሄ ሳጥን ድርግም ሲል ምን ልትበላ ነው?»

ፊቷን ወደ ማተሚያዋ መለሰች። ሰሞኑን ሐኪም ቤት ትመላለስ ነበር፤ ለደም ግፊቷ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ማተሚያዋ ሲያጓራ ሰነበተ። የሰፈሩን ቤተሰብ ሁሉ ፖስተር እያወጣች ነበር፣ ሰርዋ በኋላ እያየች አዲሱ ላይ እንድትጽፈው። በመጨረሻ ቦአዲን ራሷ አስጠራችው። ሰርዋን ለምሳ የበቆሎ ኬንኬና ዓሣ ግዢ ብላ ላከቻት።

«ቆይ፣ አንድ ይቀረኛል» አለችው።

እኔ ከሱቄ ስገባ ፖስተሩ እየወጣ ነው። ፎቶው ላይ ራሷ ኮናዱ በሰማያዊ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷ ትስቃለች። «ወደ ጌታ ተጠርታለች» ይላል። ዘመዶቿ ሁሉ በየተራቸው አሉ። ቀኑ ብቻ ባዶ ነው።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ! ሞት ይጠራል እንዴ?»

«ተጠርቷል እኮ። ሐኪሙ ነገረኝ።»

ቦአዲ ፊቱን አዞረ። እኔ ፖስተሩ ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ያዝኩ። «ሰባ ሁለት ዓመቷ ይላል። ስድሳ አራት አይደለሽም?»

«ሁሉም ለሟቹ ዕድሜ ይጨምራል፣ እኔ ምን ቤት ነኝ የምቀንስ?» ሳቀች፣ ሳቋም ሳል ሆነ። «ለእኔ አዲሱ አያዋጣኝም። አሮጌው ያደርሰኛል። ግን ሰርዋ የእኔን ጣጣ ለምን ትውረስ? እንቺ፣ ጨርቅሽ መሃል ደብቂልኝ። ቀኑን በእጅሽ ትሞይዋለሽ።»

ንዴትና ለቅሶ አንድ ላይ ያዘኝ። ወስጄ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ከተትኩትና ተመለስኩ።

አዲሱ ተጭኖ እስኪያልቅ ቀትር ሆነ። ሰርዋም ምሳውን ይዛ ደረሰች። ኮምፒውተሩ የባለቤቱን ስም ጠየቀ። ቦአዲ እንደለመደው «ኮናዱ» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

«ተው። ሰርዋ በል።»

«እማዬ፣ ለምን የእኔን?»

«ዓይኔ ደክሟል። ከእንግዲህ የምትከፍቺው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ደስ ብሏት እናቷን ሳመቻት። እኔ ለገዢ ጨርቅ ልለካ ነው ብዬ ወጣሁ፤ ሱቄ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።