የአቶ ዳልጮ ፊት በገጽ አሥራ አንድ

ሽታዬን የጠላኋት ገና በበሩ ስትገባ ነው። ምን አደረገችኝ? ምንም። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ የገጠር፣ የጉኑኖ ልጅ ናት። ግን እጇ ሥዕል ያውቃል ተብሎ መጣች፤ እኔ ደግሞ ያቺን የታይፕ ወንበር ያገኘኋት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ ነው። እንግዲህ ሰው ታማለች አትበሉኝ፣ የማማው ራሴን ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ነው፣ ሶዶ። የማርያምወርቅ የሚባል ሰው ከሸዋ በመምህርነት መጥቶ፣ ከአለቃው ተጣልቶ ወጣና በጓሮው ባለች የቆርቆሮ ክፍል የልጆች መጽሐፍ ማዘጋጃ ከፈተ። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን ግን አንቱታዬን ጨርሻለሁ። ማዘጋጃ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ታይፕና በእጅ የሚዞር አንድ ማባዣ ማሽን ነው። እኔ ጽሑፉን ስቴንስል በሚባለው የሰም ወረቀት ላይ እመታለሁ፣ ሠዓሊዋ በዚያው ወረቀት ላይ በሹል ብረት እየጫረች ትስላለች።

ሽታዬ በተለማማጅነት ነው የገባችው። ሦስት ወር በነፃ ትሠራለች፣ ከዚያ ካማረው ይቀጥራታል። አምጥተው ያስረከቧት አባቷ አቶ ዳልጮ ናቸው። በሰፈራቸው የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ነበሩ። ሴት ልጁን ከተማ ለቀቀ ብለው ወንድሞቻቸው ቢያኮርፏቸውም እሳቸው ግን "የልጄ እጅ ማጭድ ላይ አይቀርም" ብለው አመጧት።

እኛ ታዲያ እንዴት ተቀበልናት! እኔ የማሽኑን ቀለም አሳጥባታለሁ፣ የማርያምወርቅ "ይሄ እጅ ነው አካፋ?" ይላታል። ያበላሸችው ወረቀት በቁጥር ነበር የሚነገራት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሌላ ወረቀት ትጀምራለች፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

ኋላ ስለ አንድ የገበሬ ቤተሰብ መጽሐፍ ጀመርን። በመጀመሪያው ገጽ አባት ያርሳል። ሽታዬ ሌላ የምታውቀው አባት ስለሌላት የራሷን አባት ሣለች፤ ቅንድባቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ የጎደለችውን የፊት ጥርሳቸውን ሳትቀር። የማርያምወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገናት። "ይሄ ነው አባት! ከሽፋን እስከ ሽፋን ይሄው ሰው ይሁን። ልጆች በየገጹ ሊያውቁት ይገባል" አለ። የዚያን ቀን ልጅቷ ስትስቅ አየኋት።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስንደርስ "አባባ እንሰት ይፍቃል" ይላል። ታይፑን እየመታሁ በሆዴ ሳቅሁ። በእኛ በወላይታ እንሰት መፋቅ የሴት ነው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ሰቅለው በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁ ወንድ ወደዚያ ዝር አይልም፤ መንገዱ በዚያ ቢሆን እንኳ ዞሮ ይሄዳል። ይሄ የሸዋ ሰውዬ ግን ስድስት ዓመት ቆጮ ሲበላ ከማን እጅ እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም። ከባድ ሥራ ነው ሲሉት፣ ከባድ ከሆነማ የወንድ ነው ብሎ ጻፈው።

"ጋሼ፣ ይሄንን ወንድ አይሠራውም" አለች ሽታዬ። "እናትየዋን ላድርጋት?"

"እናት በገጽ አሥር ውሃ ቀድታለች። አሁን ተራው የአባት ነው።"

"እንግዲያው ፊቱን ልቀይረው። የአባቴ ፊት ነው፣ ጋሼ። መጽሐፉ ጉኑኖም ይሄዳል። መሳቂያ ያደርጓቸዋል።"

"በመጽሐፍ መሃል አባት ይለወጣል? እናትየዋ ስንት ባል ልታገባ ነው?" ብሎ ሳቀና ስሜን ጠርቶ ወደ እኔ ዞረ። "አሳየሽ! አንቺም የዚህ አገር ሰው ነሽ። እውነቷን ነው?"

ልጅቷ አየችኝ። አንዲት "አዎ" ብቻ ነበር የምትፈልገው። እኔ ደግሞ ይህቺ ልክ ከሆነች ከነገ ጀምሮ የሚያማክረው እሷን ነው ብዬ አሰብሁ። "እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። እንሰት ሲፋቅ አይቼ አላውቅም" አልሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ዝም እንኳ አላልሁም፣ ዋሸሁ።

"ሰማሽ? ወይ ትስያለሽ፣ ወይ ዛሬውኑ ጉኑኖሽ ትገቢያለሽ" አላት። ከሦስቱ ወር የቀራት ዘጠኝ ቀን ነበር። ሣለችው። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ አንገቷን ወደ ጎን አዙራ ነው የሣለችው። እንዲያውም ከሁሉም ገጽ ያማረው እሱ ሆነ።

መጽሐፉ ለየትምህርት ቤቱ ተላከ፣ ሽታዬም ተቀጠረች። ወር ሳይሞላ አቶ ዳልጮ አንዷን ቅጂ ይዘው መጡ። ማንበብ አይችሉም፤ የጉኑኖ ልጆች ግን ገበያ መሃል እየተከተሉ በዜማ አንብበውላቸዋል። ለሽምግልና ቢቀመጡ ደግሞ አንዱ "አንተ ሂድ፣ እንሰትህን ፋቅ" ብሎ አስነስቷቸዋል።

"ልጅህ እኮ ናት የሣለችህ! ልትኮራ ይገባሃል!" አላቸው የማርያምወርቅ።

ዞረውም አላዩት። ልጃቸውን በወላይትኛ ጠየቋት።

"እጅሽ ነው?"

"እጄ ነው።"

"ሳታውቂ ነው?"

"አውቄ ነው፣ አባዬ።"

በቃ። ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?"

"የሶርሳ፣ የዲምቱው ገበሬ" አልሁ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል!

"እናትሽ እንሰት ትፍቃለች?"

በቋንቋዬ ስጠየቅ መዋሸት አቃተኝ። "ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አብሬያት ፍቄያለሁ።"

"ታዲያ ይህን ስትጽፊ እጅሽ እንዴት እሺ አለሽ?"

የማርያምወርቅ ወላይትኛ አይሰማም። "ምን አለ? ምን አለ?" እያለ ትከሻዬን ነካካኝ። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። አባትየው ቆመዋል፣ ልጅቷ ቆማለች፣ ሁለቱም አማርኛ ይሰማሉ።

"ሥዕሉ አምሯል ነው የሚሉት፣ ጋሼ" አልሁ።

"አላልኋችሁም!" ብሎ በደስታ አጨበጨበ።

ሽታዬ ብረቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀለም የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ነጠላዋን አንስታ አባቷን ተከትላ ወጣች። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ተጠርተው አያውቁም አሉ። እሷም ጉኑኖ ተዳረች። መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ ሲባዛ ገጽ አሥራ አንድን እንዳለ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሬን ማንም አልነካብኝም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ቅዳሜ ገበያ ከሩቅ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች፣ ሰላም አትለኝም። ደግ አደረገች!